ፀጉረ ልውጥ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰባት ዓመት ልጄን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ሹሩባዋን እየፈታሁ ሳለሁ «እማዬ፣ የእኔ ፀጉር ለምንድነው ከርዳዳ የሆነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ሚዶው እጄ ላይ ቀረ። ይህ ቃል በእኛ ቤት አይነገርም። ከትምህርት ቤት ይዛው እንደመጣች ገባኝ፤ ከማን አፍ እንደሰማችው ግን ልትነግረኝ አልፈለገችም። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕለት ከአፌ ያልወጣውን መልስ ፍለጋ ነው።

ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ያንን ቃል እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼም አምኜበታለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በከሰል ፍም ላይ በጋለ የብረት ማበጠሪያ ፀጉሬን አስተኮስኩ። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ለተተኮሰ ፀጉር ምሕረት የለውም፤ ላብ ሲነካው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ስለዚህ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ልቀበል አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ከጓደኛዬ ጋር ጓዳ ገብተን የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ተቀባባን። የአጠቃቀሙን መመሪያ ማንበቡ ቀርቶ ዕቃውን እንኳ አገላብጠን አላየነውም። «እያቃጠለኝ ነው» ስላት «አቦ፣ ቻይው፤ እየሠራ ነው!» አለችኝ። ሠራም። በምረቃ ፎቶዬ ላይ ቆቤን እስከ ጆሮዬ አውርጄ የምታየው፣ አንባቢ ሆይ፣ ለዚያ ነው። ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለው ቦታ ዛሬም ፀጉር አላበቀለም።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። አማርኛ በፀጉር ረገድ ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ከርዳዳ፣ ሉጫ፣ ዞማ እያለ ያማርጣል። ዘፋኞቻችን ውዳሴያቸውን የሚያፈሱት ለዞማ ነው፤ ለከርዳዳ የተዘፈነ ትዝ አይለኝም። እንግዲህ ይህን አድልዎ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ነው ብሎ ነጮቹ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ እቤታችንም ነበር። ይኸው ቋንቋ ግን ሰውን በዕድሜውና በማዕረጉ የሚለየው በፀጉሩ ነበር። መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያስቀረች ልጃገረድ ሳዱላ ናት፤ ስሙ ከፀጉሩ አልፎ ያላገባችው ልጅ ራሷ መጠሪያ ሆነ። ጋሜም እንደዚሁ ነው። በሕፃን አናት ላይ የሚተወው ቁንጮ ዛሬ የበላዮች ስም ሆኗል፤ «ቁንጮ ባለሥልጣን» ሲባል የሕፃን ጭንቅላት ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፤ ባሕታዊው ቁንዳላውን ያወርዳል። የማናውቀው ሰው ወደ መንደራችን ሲመጣ ደግሞ «ፀጉረ ልውጥ» እንለዋለን። ልብሱን አላልንም፣ መልኩንም አላልንም።

አክሱም ላይ በቁፋሮ ከወጡት የሸክላ ዕቃዎች መካከል አንገታቸው በሴት ራስ ቅርጽ የተሠራ ማሰሮዎች አሉ። ሸክላ ሠሪው ፊቱን ቀለል አድርጎ ፀጉሩ ላይ ተጠቦበታል። ዛሬ ከገበያ የምትመለስ አንዲት የደጋ ሴት ብታየው የሚገርማት ማሰሮው እንጂ የፀጉሩ አሠራር አይሆንም።

ሹሩባ የሴት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አፄ ቴዎድሮስን ያስታውስ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ዮሐንስ አራተኛም ባለሹሩባ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሹሩባ የጦረኛ ክብር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተጫነው ብዙ ዝርፊያ መካከል የራስ ፀጉራቸው ይገኝበታል። ሁለት ዘለላውን፣ አስከሬናቸውን አይቶ ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ዘመዶች እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን ለሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡት። ኢትዮጵያ ጠይቃ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ።

የሚያሳዝነኝ ግን ልጃቸው ነው። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር፤ አሁን በርጩማዬ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ታክላለች። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረውት ወደ ጠረፍ ሲጓዙ፣ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ዐረፉ። ካፒቴን ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ አሳዳጊው ሆነ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችው ፎቶግራፍ አለ። ሌሎች ፎቶውን ሲያዩ ትካዜውን ይናገራሉ፤ እኔ የሚመጣብኝ ሐሳብ የጓዳ ሐሳብ ነው፦ በዚያ አገር የዚህን ልጅ ፀጉር ማን አበጠረለት? በምን ቀባው? ማበጠሪያው ሲይዝበት ማን «አይዞህ» አለው? እ.ኤ.አ. በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ግን የስፒዲ ዘመዶች ያቆዩት አንድ ዘለላ ፀጉሩ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከአባትም ከልጅም እስካሁን በእጃችን የገባው ፀጉር ነው።

ወደ ከተማችን ልመለስ። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራው፣ ከጉራጌው ጋር ከዚራና መጋላ ላይ ተቀላቀለ። እዚህ ከተማ ውስጥ ፀጉረ ልውጥ የሚባል ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁላችንም ነን። የውበት ሳሎን ቃላታችንም ከባሕር ማዶ ነው፦ ካስክ ከፈረንሳይ፣ ቢጎዲን ከጣልያን። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጣልያን ከተማውን ሲይዝ ጫካ የገቡት አርበኞች ደግሞ ፀጉራቸውን አጎፈሩ። ጎፈሬ ከአንበሳ ጎፈር ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የከተማ ወጣቶች ከጥቁር አሜሪካውያን አይተው «አፍሮ» ሲሉት ብዙ ወላጅ የፈረንጅ ፋሽን መጣብን ብሎ ተቆጣ። የአባቱ ጎፈሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየው!

እኔ ፀጉሬ ካለቀ በኋላ ያዳኑኝ ሐኪሞች ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዲት ሐረሪ አዛውንት መጀመሪያ ያሉኝ «ተይው፣ ይረፍ» ነው። የሐረሪ ባለትዳሮች ፀጉራቸውን መሐሉን ከፍለው ከጆሮ ኋላ በሁለት ጉንጉን ይሰበስቡና በጉፍታ ይሸፍኑታል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ያየውም ይህንኑ ነው። አዛውንቷ እንዳስረዱኝ ጉንጉኑ ፀጉርን ከፀሐይና ከአቧራ ይጠብቃል፤ ማንም አይጎትተውም፣ ማንም አይተኩሰውም። ሶማሌዋ ጎረቤቴ ደግሞ ቀሲል ሰጠችኝ፤ እኛ ቁርቁራ ከምንለው ዛፍ ወገን ቅጠሉ ደርቆ የሚፈጭ ዱቄት ነው። በውሃ ሲለወስ አረፋ ያወጣል፤ ያጥባል፣ ግን እንደ ሳሙና አያደርቅም። ይህ ለድሬዳዋ ትልቅ ነገር ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የቧንቧ ውሃችን ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ፀጉር ላይም ዝቃጩን ይተዋል፤ እኔ ለዓመታት «ፀጉሬ ድርቅ ያለ ነው» እያልኩ የከሰስኩት ውሃውን ኖሯል።

ቅቤው የእናቴ ነው። ከፊራ ገበያ ከገጠር ከሚመጡት እናቶች ለጋ ቅቤ ይገዛል፤ በአደስ ይታሻል። ጥቅልል ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ጠመዝማዛውን ወርዶ ጫፉ አይደርስለትም፤ ለዚህ ነው የሚደርቀው፣ ለዚህም ነው እናቶቻችን ከላይ የሚቀቡት። ማበጠሩ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይወጣል እንጂ እንደ ሣር ማጭድ ከላይ አይወረድበትም፤ ያውም እርጥብ ሳለ። ቅቤው ተቀብቶ በሻሽ ይታሰራል፤ በደጋ ሌሊቱን ይረጋል፣ በድሬዳዋ ግን በሩብ ሰዓት አንገት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ቀብቼ እሑድ ጠዋት በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ሹሩባውን ስሠራ ጆሮ ግንድ አካባቢ አላጠብቅም። «ጠበቅ ሲል ያምራል» የሚሉ ሠሪዎች አሉ፤ የብዙ ሴት ግንባር የሚሸሸው ግን እየተጎተተ ነው።

ማለስለሻውስ? ከዓይነቶቹ አንዱ የሚሠራው የቧንቧ መክፈቻ በሆነው በኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ፀጉርን ጠምዝዞ የያዘውን ማሰሪያ ይበጥሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋም ጥናት ከ33,000 በላይ ሴቶችን 11 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ማለስለሻ አዘውትረው የተጠቀሙት በ70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 4 በመቶ እንደሚጠጋ፣ ፈጽሞ ያልተጠቀሙት ግን 1.6 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ዝምድናውን ነው ያሳየው፤ ሰበቡ ይኸው ነው አላለም። ለእኔ ግን ከጆሮዬ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ይበቃኛል።

ለልጄ የሚሆነውን መልስ ያገኘሁት ከሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች የሚሞቅ አሻንጉሊት ላይ ቀጥ ያለ፣ ዞማና ጥቅልል የሰው ፀጉር ዊግ እያጠለቁ እንደ ፀሐይ ያለ መብራት አበሩበት። ራስን ከፀሐይ ሙቀት አብልጦ የጠበቀው ጥቅልሉ ነው። ማታ ይህን ነገርኳት፤ «ራስሽ ላይ ዣንጥላ ይዘሽ ነው የተወለድሽው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ዝናብ ሲዘንብ ለምን እረጥባለሁ?» አለች። ዞር ብላም በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ አሁንም የቀኝ ጎኗ አልተሠራም ነበር። ቅቤውን ግን ሰኞ ልጆቹ እንዳይሸቱት በደንብ እንዳጥበው አስማለችኝ።