የዛምቢያ የኃይል አቅርቦትና የማዕድን ሀብት

የዛምቢያ የኃይል አቅርቦትና የማዕድን ሀብት እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ የአገሪቱ ኢኮኖሚ መሠረቶች ናቸው። ዛምቢያ ወደብ የሌላት የደቡባዊ አፍሪካ አገር ስትሆን፣ ከውጭ ንግድ ገቢዋ 70 በመቶ ያህሉን የምታገኘው ከመዳብ ነው። መዳቡን ለማውጣትና ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ ስለሚመነጭ፣ ዝናብ ሲጠፋ የማዕድን ሥራውም ነዋሪውም በአንድነት ይቸገራሉ።

ማዕድን

ከቆዩት የመዳብ ማዕድኖች አብዛኞቹ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጋር በሚዋሰነው በኮፐርቤልት («የመዳብ ቀበቶ») ክፍለ ሀገር ይገኛሉ። ኪትዌና ቺንጎላ የተባሉት ከተሞች ያደጉት በዚሁ ሥራ ነው። ካንሳንሺና ሉምዋና የተባሉት ትልልቅ ማዕድኖች ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር ናቸው። ከመዳብ ሌላ ኮባልት፣ ኤመራልድና የድንጋይ ከሰል ይመረታሉ።

በፕሬዝዳንት ኬኔት ካውንዳ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መንግሥት ከትልልቆቹ የመዳብ ኩባንያዎች 51 በመቶ ድርሻ እንደሚወስድ አስታወቀ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመዳብ ዋጋ በመውደቁ አገሪቱ በዕዳ ተያዘች፤ ማዕድኖቹም ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000 ባለው ጊዜ ለግል ኩባንያዎች ተሸጡ።

የኤሌክትሪክ ኃይል

በዛምቤዚ ወንዝ ላይ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር የሚገኘው የካሪባ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1959 ተሠራ። ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ለመዳብ ማዕድኖች ኃይል ማቅረብ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ ከሁለቱም ዳርቻ 57,000 ያህል የቶንጋ ሕዝብ ከመሬቱ ተነሣ፤ ከሰፈሩባቸው መንደሮች ብዙዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ያለ መብራት ቆይተዋል።

በዛምቢያ በኩል ያለው የካሪባ ጣቢያ 1,080 ሜጋ ዋት፣ በካፉዌ ወንዝ ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ደግሞ 990 እና 750 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን የሚጠቀሙት ማዕድኖቹ ሲሆኑ፣ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው መብራት የለውም።

የ2024 ድርቅ

በኤል ኒኞ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ፣ ፕሬዝዳንት ሃካይንዴ ሂቺሌማ የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ብሔራዊ አደጋ አወጁ። የካሪባ ውሃ እጅግ በመቀነሱ መብራት በቀን ለብዙ ሰዓታት ይጠፋ ነበር። የማዕድን ኩባንያዎች ከጎረቤት አገሮች ኃይል ሲገዙ፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና ብየዳ ቤቶች ሥራ ፈቱ፤ ለማብሰያ የከሰል ፍላጎት በመጨመሩም በደን ላይ ያለው ጫና በረታ።

አማራጭ ምንጮች

ከውሃ ውጭ ትልቁ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው 300 ሜጋ ዋት የማምባ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ነው። በ2025 ደግሞ በቺሳምባ 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። መንግሥት በ2024 ወደ 820,000 ቶን የነበረውን የመዳብ ምርት በ2031 ገደማ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን የማድረስ ዕቅድ አለው፤ ይህም ካለው በጣም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።