ጎተራ የማይገባው ዘር

ቡና ለመጠጥ ይከርማል፤ ለዘር ግን አይከርምም። ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከማሻ እስከ ቦንጋ ያለ ቡና ተካይ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጀንፈሉን ጆንያ ሞልቶ ዋጋ እስኪጨምር ያስቀምጠዋል። ለዘር የመረጠውን ቀይ ፍሬ ግን ፈልፍሎ፣ በጥላ አጠንፍፎ፣ ብዙ ሳይቆይ መደብ ላይ ያፈሰዋል። ፀሐይ ላይ ከረሳው ወይም ለከርሞ ብሎ ካስቀመጠው አብዛኛው አይበቅልም። ጤፉና ገብሱ ጎተራ ከርመው ዝናብ ሲነካቸው ብቅ ይላሉ። ቡና ምን ሆነና ነው?

መልሱ ያለው በባዮሎጂ ክፍል «ሴል ሜምብሬን» እያልን ሸምድደን፣ ለፈተና ጽፈን በረሳነው ነገር ላይ ነው፤ በሕዋስ ሽፋን። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ደቡብ ምዕራብ ሲጽፉ ንጉሥን፣ ነጋዴንና ዘመቻን ያነሳሉ። ተገቢ ነው። ነገር ግን የቡናን ታሪክ አካሄድ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ይህ ስስ ሽፋን መሆኑን የሚያነሳ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃ ያቆመው ግድግዳ

በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሶች ቅባቱን አውጥተው ውሃ ላይ አሰፉት። ቅባቱ የሸፈነው ስፋት የሕዋሶቹን ገጽ ሁለት እጥፍ ሆነ። እንግዲያው ሽፋኑ ድርብ ነው አሉ። ልኬታቸው ኋላ ላይ እርማት ቢያስፈልገውም መደምደሚያቸው እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ሽፋኑ የተሠራው ፎስፎሊፒድ ከሚባሉ የቅባት ቅንጣቶች ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጭራ አለው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጭራዎቻቸውን ወደ መሐል ደብቀው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያነሰ ነው። ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ የቆመ ግድግዳ ነው፤ ያቆመው ውሃ ነው።

በ1972 ደግሞ ሲንገርና ኒኮልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሥዕሉን አሟሉት። ሽፋኑ እንደ ድንጋይ አጥር የደረቀ አይደለም፤ ቅባቱ ይፈሳል፣ ፕሮቲኖችም በላዩና በውስጡ ይንሳፈፋሉ። ፕሮቲኖቹ በርም ዘበኛም ናቸው። ስኳሩና ጨው የሚገቡትና የሚወጡት በእነሱ ፈቃድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ጠላትንም የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ይህን ከያዝን የቡናው እንቆቅልሽ ይፈታል። ዘር ሲደርቅ ግድግዳውን ያቆመው ውሃ ይሄዳል። ጤፍና ገብስ ደረቅ ወራትን ለማለፍ የተዘጋጁ ስለሆኑ ስኳርና ልዩ ፕሮቲን በውሃው ቦታ ተክተው ሽፋኑን ያቆያሉ። ቡና ግን የጥላ ልጅ ነው። ፍሬው የሚወድቀው ከእናቱ ሥር፣ ርጥብ ቅጠል ላይ ነው። መድረቅን የሚችለው እስከ ልክ ነው። ልኩ ካለፈ የሽፋኑ ረድፍ ይፈርሳል፤ ዘሩ ውሃ ሲያገኝ ነፍስ መዝራቱ ቀርቶ የውስጡ ሁሉ ይፈሳል።

ብርዱም ሌላ ጣጣ ነው። ደጋ አገር ጠዋት ላይ ቅቤ ሲረጋ፣ የኑግ ዘይት ግን ሳይረጋ ሲቀር አይተናል። የሕዋስ ሽፋን ቅባትም እንደ ዓይነቱ በብርድ ይረጋል። የቡና ዘር ደርቆ በረዶ ቤት ሲገባ ሽፋኑ ይጎዳል። በ1990 በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ኤሊስ፣ ሆንግና ሮበርትስ የቡናን ዘር ፈትነው አዲስ መደብ ከፈቱለት፤ እንደ ገብስ ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም፣ ጭራሽ መድረቅ የማይችልም አይደለም፤ «መካከለኛ» ነው አሉ። የሚዛን ገበሬ በጥላ የሚያጠነፍፈው ለዚህ ኖሯል።

ከነነፍሱ የተሰደደ ቡና

አሁን ወደ ታሪኩ። የገብስን ዘር በከረጢት አስሮ ለዓመታት መዞር ይቻላል። ቡና ግን ከአገር አገር የሄደው በአብዛኛው እንደ ሕያው ችግኝ ወይም እንደ ትኩስ ዘር፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት መናፈሻ የደረሰው ተክል ነው። በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የተሰጠውም ተክል ነው። ከእነዚህ ጥቂት ዛፎች የተባዛው ቡና የላቲን አሜሪካን እርሻዎች ሞላ። ስለዚህ የዓለም አረቢካ ቡና ብዛት እንጂ ዓይነት የለውም፤ የጥቂት እናቶች ልጅ ነው። ብዝሃነቱ የቀረው እዚሁ፣ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ ነው።

የጌሻን ነገር እንመልከት። በ1930ዎቹ በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር ወደ ኬንያ ላከ። ከዚያ ወደ ታንጋኒካ፣ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ሄደ። በየደረሰበት መሬት ላይ ተተክሎ፣ አድጎ፣ ሌላ ትኩስ ፍሬ አፍርቶ ነው ወደ ቀጣዩ አገር የተሻገረው። በ2004 የፓናማ ጨረታ ላይ አንድ ፓውንዱ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ 21 ዶላር ተሸጦ የዓለምን ገበያ አስደነቀ። በ2023 ኪሎው ከ10,000 ዶላር አለፈ። ጌሻ የሚለው ስም ዛሬ የገበያ ምልክት ነው፤ የስሙ ባለቤት የሆነው አገር ግን ከዚያ ዋጋ ምን ያህል ደረሰው?

በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ልዑክ የኢትዮጵያን የቡና ጫካዎች ዞሮ ዘር ሰበሰበ። ስብስቡ በበረዶ ሣጥን ሊቀመጥ ስለማይችል በየአገሩ ማሳ ላይ ተተከለ፤ ኮስታ ሪካ፣ ሕንድ፣ ታንዛኒያ፣ እኛም ዘንድ ጅማ።

74 የሚል ቁጥር

የጫካው ዋጋ የታየው በ1971 ነው። በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ገባ። ፈንገሱ አረንጓዴ ፍሬ ላይ አርፎ ይጣበቃል፤ ከዚያ የፍሬውን ቆዳ በስቶ ወደ ሕዋሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ተደላድሎ ይበላል፣ በኋላ ሽፋኑን አፍርሶ ሕዋሱን ይገድላል። ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል። የገበሬው የዓመት ገቢ ነው ዛፉ ሥር የሚረግፈው።

ያኔ ጅማ መልኮ በ1967 የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ያደረጉት ነገር ቀላልና ብልህ ነበር። በሽታው ወደ ከፋባቸው ቦታዎች ሄደው ጎረቤቶቹ ሲጠቁሩ ፍሬው ጤነኛ የሆነውን ዛፍ ፈለጉ። ተገኘ። አዲስ አበባ ላይ አብዮት በፈነዳበት በ1974 ከኢሉባቦርና ከሌላውም የደቡብ ምዕራብ ጫካ ዛፎች ተመረጡ። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74158 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ምርጫ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። ዛሬ ችግኝ ጣቢያ የሚጠራው፣ ላኪ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የሚቋቋሙት ዛፎች ምን ነበራቸው? ከታዩት መንገዶች አንዱ ይህ ነው፦ የተነካው ሕዋስ ጠላቱን ሲለይ ግድግዳውን ያጠነክራል፤ ካልሆነለትም ራሱን ገድሎ ፈንገሱን በረሃብ ያስቀራል። እንዲህ ያለ ንቃት የሚጀምረው ሽፋኑ ላይ ካሉት ዘበኞች ነው። ከውጭ በወረደ መድኃኒት ብቻ አልነበረም የዳንነው፤ ማንም ሳይተክላቸው ጫካ ውስጥ የቆዩ ዛፎች ነበሩና ነው።

ባንኩ የት ነው?

በ2008 ኖርዌይ ስቫልባርድ ላይ የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ ዘሩን የሚያኖረው በዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ስንዴና ገብስ እዚያ ይተኛሉ። ቡና እዚያ አይተኛም። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን የማቆየት ዘዴ ተፈትኗል፤ ግን ጥንቃቄና ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ የጫካን ምትክ አይሆንም። ኢትዮጵያም የቡናዋን ስብስብ ያኖረችው ጮጬ ላይ፣ ጅማ ዞን ውስጥ፣ ከ5,000 በላይ ናሙና በማሳ ተክላ ነው። ማሳ ደግሞ አረም፣ ውሃ፣ ጠባቂና በጀት ይፈልጋል። አንድ ዓመት ከተዘነጋ መዝገቡ ይደርቃል።

ከጮጬም በፊት የነበረው ባንክ ጫካው ነው። ካፋና ያዩ በ2010፣ ቴፒ የምትገኝበት ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብለዋል። በዚያው አገር ግን ጫካ ተመንጥሮ ሰፋፊ እርሻ ሆኗል፤ የጓሮ ድርሻም በየዓመቱ ጠርዙን ይገፋል። በ2019 ይፋ በሆነ ግምገማ የዱር አረቢካ ቡና ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ገብቷል።

ገበሬውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ልጁን የሚያስተምረው በመሬቱ ነው፤ ጫካ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚከፈለው የምስጋና ቃል ብቻ ከሆነ ዛፉ መውደቁ አይቀርም። ጥያቄው ለእኛ ነው። ሌላውን ሰብል ጎተራ ያድነዋል፤ ቡናን የሚያድነው ሕያው ዛፍ ብቻ ነው። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ መልኮ ያለው ባለሙያ እንደ 1974ቱ ወደ ጫካ ይሄዳል። ያልጠቆረውን ዛፍ የሚያገኘው ጫካው ካለ ነው።