ከማስመስከር እስከ ጋት፦ አንድ ፈተና የሥራ ሕይወታችንን እንዴት ይቀርጻል?

ፈተና የሚባለው ነገር ከማትሪክ ጋር ወደ አገራችን የገባ የሚመስለን ብዙ ነን። ግን አይደለም። በዋግ፣ በላስታና በዋድላ የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ከመምህር መምህር ይዞር ነበር። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ እስከ መወድስ ይደርሳል። ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። በነጋታውም እንደዚያው። ዓመታት አልፈው መምህሩ «በቅቷል» ሲሉ ተማሪው «አስመሰከረ» ይባላል።

ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ማስመስከር። ምስክሩ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። ያ ሰው ተማሪውን ሲራብም፣ ሲሳሳትም፣ ሲያድግም አይቶታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅኔ ቤት ለመግባት ፈተና አልነበረም። የሚፈተነው ሊወጣ ሲል ነው።

ይህን የምለው የድሮውን ለማሞካሸት አይደለም። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከዚያ ደጅ ውጪ ነበሩ፤ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ ነበር የሚማረው። የምለው ማጣሪያው የት ጋ እንደቆመ ለማሳየት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የትምህርታችን ታሪክ፣ ማጣሪያው ከመውጫው ተነስቶ ወደ መግቢያው የተሻገረበት ታሪክ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ሰው ተጠማ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አለ፣ ባንክ አለ፣ ጸሐፊና ሒሳብ አዋቂ ግን የለም። የአዲስ አበባው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ዛሬም በልማድ «ኮሜርስ» የምንለው፣ የተከፈተው በዚያ ሰሞን፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ። ወደዚያ የሚያስገባው በር ማትሪክ ነበር። የሚያልፈው ጥቂት፣ የሚጠብቀው ወንበር ብዙ ስለነበር፣ ፈተናውና ሥራው አንድ ነገር ሆኑ። ማትሪክ ያለፈ ልጅ ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ ሥራው ራሱ ይፈልገዋል። አባቶቻችን «ማትሪክ አልፏል» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የምንሰማው ኩራት ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ግን ያ ዘመንም ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከገጠር ዋግ ተነስቶ ማትሪክ ድረስ ለመድረስ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣና የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የ1977ቱ ድርቅ ደግሞ ዋግን ክፉኛ ደቆሰው። ውጤት የሚባለው ቁጥር ከልጁ ጭንቅላት ብቻ አይወጣም፤ የተወለደበት ቀንና ቦታም አብረው ይጽፉታል።

ቀጥሎ የመጣው መስፋፋት ነው። ኢሕአዴግ አገሩን ሲይዝ ዩኒቨርሲቲዎቹ አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የኔ ትውልድ የዚህ ልጅ ነው። ከፃግብጂ ገጠር ወጥቼ ኢንጂነሪንግ መማር የቻልኩት በሩ ስለሰፋ ነው። ነገር ግን በር ሲሰፋ ወንበሩ አብሮ አልበዛም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ሲበዛ ቀጣሪው ሌላ ማጣሪያ ፈለገ፤ ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ድርጅቱም ማስታወቂያው ላይ «ሁለተኛ ዲግሪ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። የኤምቢኤ ገበያ የደራው እዚህ ጋ ነው። ኢንጂነሩም፣ ነርሱም፣ መምህሩም ኃላፊነት ላይ ለመድረስ አቋራጩ ኤምቢኤ ሆኖ ታየው። እኔ የምሠራበት የሶፍትዌር ዓለም ውስጥ እንኳ ከኮድ ወደ ሥራ አመራር መሻገር የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልማር?» ብሎ ነው።

ፈረንጆቹ ጋም ታሪኩ ይመሳሰላል። ሃርቫርድ ኤምቢኤን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። አመልካች እየበዛ ሲመጣ፣ በ1953 የተወሰኑ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው የጋራ መግቢያ ፈተና እንዲዘጋጅ ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት መሰጠት ጀመረ። ዛሬ የምናውቀውን ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው። ፈተናው ሲሠራ የታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ይወጣዋል ወይ የሚለውን መገመት። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል ብሎ ሊተነብይ አልተሠራም።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች የተማሪዎችን አማካይ ጂማት መቁጠር ጀመሩ። ትምህርት ቤቶቹ ደረጃቸው እንዲጨምር ከፍተኛ ውጤት ያለውን ተማሪ በስኮላርሺፕ ጭምር መሻማት ያዙ። ትልልቆቹ ቀጣሪዎች ደግሞ ወደ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ሄዱ፤ አንዳንድ አማካሪ ድርጅቶች ጭራሽ የጂማት ውጤት አምጣ እስከማለት ደረሱ። ስለዚህ ፈተናው ችሎታን ባይተነብይም ዕጣን መወሰን ቻለ። ውጤቱ ትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱ ቀጣሪውን፣ ቀጣሪው ደሞዙን ይጎትታል። ሃርቫርድ ራሱ በ1985 ጂማትን ከመስፈርቱ አውጥቶ ከዓመታት በኋላ መልሶ አስገብቶታል። ያለ ማጣሪያ መኖር ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበር፤ በ2015ቱ ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን፣ በልማድ «ጋት» የምንለውን፣ ማለፍ አለበት። ኤምቢኤም እዚህ ውስጥ ነው። ሦስት በር፣ ሦስት ማጣሪያ፤ ያውም በሁለት ዓመት ውስጥ።

ምክንያቱ አይገባኝም አልልም። ኩረጃ ሥር ሰዶ ነበር፣ ዲግሪ ረክሶ ነበር፣ ቀጣሪ በወረቀት ማመን አቁሞ ነበር። ለሐቀኛ ተማሪ እውነተኛ ፈተና ጋሻ ነው። ጋት ከጂማት የሚለየው ግን አንድ ነገር አለ፦ ውጤቱን ሲቪ ላይ የሚጽፍ የለም፣ ቀጣሪም አይጠይቅም። እኛ ጋ ፈተናው ሰውን ደረጃ በደረጃ አይደረድርም፤ ያስገባል ወይም ይመልሳል። በሥራ ሕይወት ላይ ያለው ጉልበትም ከዚህ ይመጣል። በብዙ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ላለው ሰው የሚጠየቀው የልምድ ዓመት ያንሳል። ያላለፈ ሰው የሚያጣው እንግዲህ ትምህርቱን ብቻ አይደለም፤ ዓመታትም ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰቆጣ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጅ ሆኖ ከፃግብጂ ስንቁን ተሸክሞ እየተመላለሰ፣ ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው። የጋት የቋንቋ ክፍል የሚለካው በሦስተኛው ነው። «ስሌቱን አልፈራም፤ አንቀጹን አንብቤ ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቃል እንጂ» ይለኛል። ይህ የማሰብ ችሎታ ጉዳይ ነው ወይስ የርቀት?

ርቀቱ ደግሞ በቋንቋ አያበቃም። በ2013 እና 2014 ጦርነቱ ዋግ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ሰው ተፈናቀለ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መብራትና ኔትወርክ ለወራት ጠፋ። በጦርነቱ ምክንያት የ2013ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና በጊዜው መቀመጥ ያልቻሉ ተማሪዎች በሁለተኛ ዙር ነው የተፈተኑት። ጋት ብሔራዊ የሆነበት 2016 ደግሞ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበት ዓመት ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የመለማመጃ ጥያቄዎችን አትሜ ወደ ሰቆጣ በሚሄድ ሰው እጅ እልክለት ነበር። አዲስ አበባ ያለ እኩያው ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ይለማመዳል። ሁለቱ አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ፊት ይቀመጣሉ።

«ባልፍስ ምን ይለወጣል?» ብሎ ጠይቆኛል። የማስበውን ነገርኩት። ፈተናው ጥሩ ኃላፊ አያደርግህም። ኃላፊነት የሚማሩት በጀት አንሶ ሰው ሲበዛ፣ እርዳታ ዘግይቶ ሕዝብ ሲጠብቅ ነው፤ ያንን ደግሞ አንተ ከብዙ አስተማሪ በላይ ታውቀዋለህ። ፈተናው የሚሰጥህ የመናገር መብት ነው፤ የምታውቀውን ይዘህ የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ትገባለህ። ለኤምቢኤው ወልዲያ ወይም ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መሄድ ግድ ነው፤ የቤት ኪራዩና መንገዱም ሌላ ፈተና ነው።

እንደ ሙያዬ ልናገር። አንድ ሲስተም መግቢያው ላይ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ «አንተ ማነህ?» ይላል እንጂ «ምን ትሠራለህ?» አይልም። ያ ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው የመግቢያውን መልስ የሁሉም ነገር መልስ ስናደርገው ነው። ፈተናው ይኑር። ግን ውጤቱ በዞንና በወረዳ ተዘርዝሮ ይታይ፤ ማን እንደወደቀ ብቻ ሳይሆን የት እንደወደቀ እንወቅ። መለማመጃው ኔትወርክ ለሌለበት በወረቀት ይድረስ። የመፈተኛ ጣቢያው ለሩቁ ወረዳ ይቅረብ። ቢዝነስ ለሚማር ሰው ደግሞ የሠራበት ዓመት ከፈተናው ጎን ይመዘን፤ አሥር ዓመት ያየው አለቃ እንደ ድሮው መምህር የሚመሰክርበት መንገድ አይጥፋ።

የቅኔ መምህሩ አንድን ተማሪ «በቅቷል» ለማለት ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር። ለእኛ ጥቂት ሰዓታት ይበቁናል። ፈጥነናል፤ ፈጥኖ የሚፈርድ ዳኛ ግን የተከሳሹን አገር ቢያንስ በስም ሊያውቀው ይገባል።