የሄልሜት መብራት ሲገዙ ምን ይመለከታሉ?

የእህቴ ልጅ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ዳሪሙ ወረዳ መምህር ነው፡፡ በእናቱ ወገን አጎቱ በመሆኔ እንደ አካባቢው የኦሮሞ ወግ «ኤሱማ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፡፡ ባለፈው ዓመት ደወለና «ኤሱማ፣ ሄልሜት ላይ የሚታሰር፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከአዲስ አበባ ይላኩልኝ» አለኝ፡፡ ከትምህርት ቤቱ ወደ ተከራየበት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ነው፡፡ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቶ ሲወጣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ያልፋል፡፡ እንደሚታወቀው እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ምሽት አይጎተትም፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል፡፡

መርካቶ ሄድኩና ከሁሉም ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን መብራት ገዛሁለት፡፡ ካርቶኑ ላይ «5000 ሉመን»፣ ባትሪው ላይ ደግሞ «9900» ይላል፡፡ ወደ መቱ በሚሄድ ሰው ላኩለት፡፡ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ደወለ፡፡ «መብራቱ ለ40 ደቂቃ እንደ መኪና ያበራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ኩራዝ ይሆናል፡፡ ዝናብ ሲመታው ጭራሹን ይጠፋል» አለኝ፡፡ አንድ ማታ መንገድ ላይ ጠፍቶበት፣ ቡና ጭኖ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መኪና ሳያየው ሊደፈጥጠው ሲል ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የተረፈው፡፡

«የምትፈርምበትን አንብብ» እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ የሕግ ሰው፣ የገዛሁት ዕቃ ላይ የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ነው የገዛሁት፡፡ ስለዚህ ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ቁጭ ብዬ አጠናሁ፡፡ ያገኘሁትን እነሆ፡፡

የሉመን ነገር

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፡፡ ቁጥሩ ግን ብርሃኑ የት እንደሚያርፍና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አይነግረንም፡፡ መንገድ መብራት በሌለው የገጠር መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከ200 እስከ 400 ሉመን የሚደርስ እውነተኛ ብርሃን ይበቃዋል፡፡ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ከግማሽ ይጓዛል፡፡ ጉድጓድ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 8 ሜትር ያህል ሄዷል ማለት ነው፡፡ ጭቃ ላይ ፍሬኑ እስኪያቆም ድረስ ደግሞ ሌላ ርቀት ይጨመራል፡፡ እንግዲህ የሚያስፈልገን ከ15 እስከ 20 ሜትር ድረስ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ መብራት ነው፡፡ የተራራ ማዶ የሚያሳይ መብራት ለዚህ መንገድ ትርፍ ነው፡፡

የባትሪው ሒሳብ

ትልቁ ማታለያ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መብራቶች 18650 የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ይጠቀማሉ፡፡ ቁጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው፡፡ የዚህ ባትሪ አቅም የሚለካው በሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን፣ ደህና የሚባሉት ከ2,500 እስከ 3,500 ይይዛሉ፡፡ እኔ የገዛሁት ላይ የተጻፈው 9,900 በዚህ መጠን ካለ አንድ ባትሪ የሚወጣ አይደለም፡፡ ወፈር የሚለው 21700 የተባለው ደግሞ ከ4,000 እስከ 5,000 ይይዛል፡፡

ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ አለ፡፡ 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 3 አምፒር ሰዓት ነው፡፡ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፡፡ ደህና መብራት በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል፡፡ ስለዚህ ይህ ባትሪ 1,000 ሉመን የሚሰጠው ለአንድ ሰዓት ያህል፣ 200 ሉመን የሚሰጠው ደግሞ ለአምስት ሰዓት ያህል ነው፡፡ «1,200 ሉመን፣ 8 ሰዓት» የሚል ካርቶን ይዞ የሚከራከር ነጋዴ ካጋጠምዎት ባትሪው ስንት እንደሚይዝ ጠይቀው አብረው ያባዙ፡፡

ሰዓቱም ቢሆን ትርጉም አለው፡፡ ብዙ ፋብሪካዎች የሚከተሉት ኤፍ.ኤል.1 የሚባል አሜሪካ ውስጥ የወጣ የባትሪ መብራቶች መለኪያ አለ፡፡ በዚህ መለኪያ «3 ሰዓት ያበራል» የሚባለው ብርሃኑ ከበራ 30 ሰከንድ በኋላ ከነበረው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለው ጊዜ ተቆጥሮ ነው፡፡ ይኸውም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ከ400 ሉመን 40 ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፡፡ ስለዚህ የጉዞዎ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሆነ በሚጠቀሙበት የብርሃን ደረጃ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የሚሠራ ይምረጡ፡፡ ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ ትርፉ ያኔ ይጠቅማል፡፡ ባትሪው ተፈትቶ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ባትሪው ሲደክም መብራቱ አብሮ አይጣልም፡፡

ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ዛሬ ብዙው ስልክ የሚጠቀምበት ታይፕ ሲ ቢሆን ይመረጣል፡፡ መብራት በሚሄድበት አካባቢ መምህሩ ስልኩን በሶላር ወይም በፓወር ባንክ ነው የሚሞላው፡፡ ለሄልሜቱ መብራት ሌላ ገመድ ፍለጋ መቱ ድረስ መሄድ የለበትም፡፡

ዝናብና ጉም

ኢሉባቦር በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ጎሬንና መቱን በክረምት ያየ ሰው ይመሰክራል፡፡ እዚያ ለሚኖር ሰው ከሉመኑ በፊት መጠየቅ ያለበት መብራቱ ውኃ መቻሉን ነው፡፡ ካርቶኑ ላይ «አይ.ፒ.ኤክስ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይህንን ይነግረናል፡፡ 4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን፣ 6 በኃይል የሚመጣ ውኃን ይችላል፤ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ አይበላሽም፡፡ ለአዲስ አበባ 4 ሊበቃ ይችላል፤ ለዳሪሙ ግን ከ6 በታች አልመክርም፡፡ የቻርጅ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ላላ ካለ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ዋጋ የለውም፡፡ እርጥብ ሆኖ እያለም ቻርጅ ላይ መሰካት አይገባም፡፡ አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል፡፡

ጉም ሌላ ጣጣ አለው፡፡ የሄልሜት መብራት ለዓይናችን ቅርብ ስለሆነ ጉሙና የዝናቡ ጠብታ ብርሃኑን መልሰው ወደ ዓይናችን ይልኩታል፤ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ የቆመ ይመስላል፡፡ በተጨማሪም ብርሃኑ ከዓይናችን አቅጣጫ ስለሚወጣ የጉድጓዱ ጥላ አይታየንም፤ መንገዱ ሁሉ ለጥ ያለ ይመስለናል፡፡ ከታች፣ ከብስክሌቱ መሪ ላይ የሚወጣ ብርሃን ግን ኮረኮንቹን በጥላው ያጋልጠዋል፡፡

ታዲያ የሄልሜቱ መብራት ጥቅሙ ምንድን ነው? ጭንቅላታችንን ወደ ዞርንበት አብሮን ይዞራል፡፡ በመታጠፊያ ላይ የመሪው መብራት ገና ቀጥታውን ሲያሳይ የሄልሜቱ የምንታጠፍበትን ያሳየናል፡፡ ሰንሰለት ሲወልቅም ሁለት እጃችንን ነፃ አድርጎ ያበራልናል፡፡ በአጭሩ የሄልሜት መብራት ሁለተኛ መብራት ነው፤ የመጀመሪያውን አይተካም፡፡

ክብደትና አስተሳሰር

አንገት ላይ የሚጫን ነገር ስለሆነ ከነባትሪው ከ150 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው፡፡ ባትሪው ለብቻው ኪስ ውስጥ ሆኖ በገመድ የሚገናኝ ዓይነት ጭንቅላትን ቢያቀልም በምንወድቅበት ጊዜ ገመዱ ይይዘናል፡፡ ማሰሪያው በሄልሜቱ የአየር ቀዳዳዎች ገብቶ የሚጠብቅ ሆኖ፣ በኃይል ሲመታ ግን የሚላቀቅ መሆን አለበት፡፡ ሄልሜቱን በስቶ በብሎን ማሰር ሄልሜቱ የተሠራበትን ዓላማ ያበላሻል፡፡ ለግንባር የተሠራውን ባለ ላስቲክ ባትሪ በሄልሜት ላይ የሚያጠልቁም አሉ፤ ኮረኮንች ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይወድቃል፡፡

የሌላው ሰው ዓይን

ይህን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን፡፡ የሄልሜት መብራት በቀጥታ በሾፌሩና በእግረኛው ዓይን ቁመት ላይ ነው ያለው፡፡ ሰው ስናይ ደግሞ ፊቱን እናያለን፤ መብራቱም አብሮን ፊቱ ላይ ያርፋል፡፡ ለአፍታ የታወረ ሾፌር ለብስክሌተኛው ከማንም በላይ አደገኛ ነው፡፡ ስለዚህ የብርሃኑ መሐል ከፊታችን 10 ሜትር ያህል ላይ መሬት እንዲመታ አዘንብሎ ማሰር፣ ሰው ሲመጣ ዝቅተኛውን ደረጃ መጠቀም ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ ሲባል በጓንት ወይም በእርጥብ ጣት ሊነካ የሚችል ትልቅ ማብሪያ ያለው ይምረጡ፡፡ ከፊት ብልጭ ድርግም የሚለውን በጨለማ ባይጠቀሙበት ይሻላል፤ ለሚመጣው ሰው ርቀታችንን ለመገመት ያስቸግረዋል፡፡

ሕጉስ?

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 44 ላይ ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ማሳየት የሚችልበት መሣሪያና ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ እንዲኖረው ይደነግጋል፡፡ በእንግሊዝ አገር ሕግም መብራቱ መኖር ያለበት ብስክሌቱ ላይ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ያለው ግዴታውን አያሟላም፡፡

ወደ እኛ አገር ስንመጣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለብስክሌተኛው የቆመ ይመስላል፡፡ በአንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በአንቀጽ 2086 መሠረት ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ማምለጥ አይችልም፡፡ ነገር ግን የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ባለቤቱን በዚያው ልክ ነፃ ያወጣዋል፡፡ አንቀጽ 2098ም ተጎጂው በከፊል አጥፊ ሲሆን የሚያገኘው ካሳ በከፊል መሆኑን ይናገራል፡፡ እንግዲህ የመኪናው ባለቤት ጠበቃ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ «ተጎጂው መብራት ነበረው ወይ?» የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ቦይ ውስጥ ባይገባ ኖሮ፣ ቤተሰቡ ከሐዘኑ በተጨማሪ ይህንን ጥያቄ መመለስ ነበረበት፡፡ መልሱም «ነበረው፤ ግን ጠፍቶ ነበር» የሚል ይሆን ነበር፡፡

ምን ገዛሁ?

ሁለተኛው መብራት ከፍተኛው 400 ሉመን ነው፡፡ በ200 ሉመን ከአራት ሰዓት በላይ ይሠራል፤ የውኃ ቁጥሩ 6፣ ክብደቱ 120 ግራም፣ ቻርጁ ታይፕ ሲ ነው፡፡ ከመላኬ በፊት ቤቴ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ በ200 ሉመኑ አበራሁትና በሰዓት ቆጠርኩ፤ ከዚያም ከመታጠቢያ ቤት ሻወር ሥር ለሩብ ሰዓት አቆየሁት፡፡ ባለቤቴ ሳቀችብኝ፡፡ በመጀመሪያው ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ግን ይህን ፈተና ባለማድረጌ የከፈልኩት ነው፡፡ ከእሱ ጋር ለመሪው አንድ ነጭ፣ ለኋላው አንድ ቀይ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ ጨመርኩ፡፡ ሦስቱን መብራቶች በአንድ ላይ የገዛሁት ለመጀመሪያው ባለ «5000 ሉመን» ካወጣሁት ብዙም ባልራቀ ዋጋ ነው፡፡

የእህቴ ልጅ አሁን እሑድ እሑድ ማታ ሦስቱንም ቻርጅ ያደርጋል፤ መብራት ከሄደ በሶላር ይሞላል፡፡ ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ «ኤሱማ፣ ገብቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት ትደርሰኛለች፡፡

ቸር እንሰንብት!