ስም ሳይጠሩ መወንጀል፤ «ወገን የለሽ ኮስሞፖሊታን» የተባለው ቃል በሶቪየት ኅብረት

የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ ልሳን የነበረው «ፕራቭዳ» ጋዜጣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ስለ ጥቂት የቴአትር ሐያስያን ረዥም ጽሑፍ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎቹ የአገር ፍቅር የሌላቸው፥ የምዕራባውያንን ሥራ እያደነቁ የአገራቸውን ድርሰት የሚያንቋሽሹ ናቸው ተብለው ተወነጀሉ፤ «ወገን የለሽ ኮስሞፖሊታን» የሚል ስምም ተለጠፈባቸው። ስለ አይሁድነታቸው የተነገረ ቃል የለም። ሆኖም ከተወነጀሉት የሚበዙት አይሁድ ነበሩ፤ አንባቢውም ይህን ለመረዳት ብዙ አልደከመም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያልተጻፈው ቃል እንዴት ሊነበብ እንደ ቻለ መመርመር ነው።

አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ ቃሉ ለምን ተሸሸገ የሚለው ነው። ከአብዮቱ በፊት በሩሲያ ውስጥ አይሁድን በአደባባይ ስማቸውን ጠርቶ መስደብ የተለመደ ስለ ነበረ ጠላታቸው መደበቂያ አላስፈለገውም። በሶቪየት ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። ስታሊን ራሱ በጃንዋሪ 1931 በአሜሪካ ለሚገኝ የአይሁድ የዜና ድርጅት በሰጠው መልስ የአይሁድን ጥላቻ ከሰው በላነት ዘመን የተረፈ አደገኛ ነገር ነው ሲል አውግዞታል። የ1936ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 123 የዘርና የብሔር ጥላቻን መስበክ በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ጥላቻውን ለሕዝብ ማሰማት የፈለገ ባለ ሥልጣን የተከለከለውን ቃል ትቶ ያልተከለከለ መፈለግ ነበረበት። በእኔ አስተያየት ስውሩ ቃል የተወለደው ከዚሁ ክልከላ ነው።

የተመረጠውም ቃል በደንብ የታሰበበት ይመስላል። «ቤዝሮድኒ» የሚለው የሩሲያ ቃል ዘመድ፥ ወገን፥ የትውልድ ሐረግ የሌለው ማለት ነው። ኮስሞፖሊታን ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሆኖ የዓለም ዜጋ ማለት ስለ ሆነ በራሱ ስድብ አይደለም። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አገር አልባው ተንከራታች አይሁዳዊ የሚለውን የቈየ ሥዕል በአንባቢው አሳብ ውስጥ ይቀሰቅሳሉ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ጋዜጣው፥ ጉርቪች የተባለው ሐያሲ ስለ ሩሲያዊው የሶቪየት ሰው ጠባይ ምን ሊያውቅ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልስ አልጠበቀም፤ የሰውዬው የቤተሰብ ስም ራሱ መልስ ነበረ።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ አነጋገር ሰምና ወርቅን ሊያስታውሰው ይችላል። ነገር ግን ባለ ቅኔው ወርቁ ሲገኝለት ደስ ይለዋል፤ ይኸኛው ተናጋሪ ወርቁን ያገኘበትን ሰው «እኔ እንዲህ አላልሁም፥ ያልኸው አንተ ነህ» ብሎ መልሶ ይከስሰዋል።

ምስጢሩን ከሁሉ ይልቅ ያጋለጠው አንድ ትንሽ የጽሕፈት ምልክት፥ ይኸውም ቅንፍ ነው። ከአይሁድ ወገን የሆኑ ብዙ ጸሐፊዎች በሩሲያኛ የብዕር ስም ይጽፉ ነበር፤ ለምሳሌ ሐያሲው ኾሎዶቭ የትውልድ ስሙ ሜዬሮቪች ነበረ። በዘመቻው ወራት ጋዜጦች የብዕር ስሙን ከጻፉ በኋላ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ የትውልድ ስሙን በቅንፍ ያስገቡ ጀመር። ጋዜጠኛው ቢጠየቅ «ትክክለኛ ስሙን ጻፍሁ» ይላል፤ ሐሰት ተናገርህ የሚለውም አይገኝም። በአገር ውስጥ ፓስፖርት ላይ ከ1932 ጀምሮ የእያንዳንዱ ሰው ብሔር ይመዘገብ ስለ ነበረ መንግሥቱ አይሁዳዊው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ቅንፍ አያስፈልገውም ነበር። ቅንፉ የተጻፈው ለአንባቢው ነው። በፌብሩዋሪ 1951 ደራሲው ሚኻይል ቡቤኖቭ የብዕር ስም ከእንግዲህ ምን ያደርጋል የሚል ጽሑፍ በ«ኮምሶሞልስካያ ፕራቭዳ» ላይ አወጣ። ኮንስታንቲን ሲሞኖቭ፥ እርሱም ሲወለድ የወጣለት ስም ኪሪል ነበረ፥ በማርች ወር ተቃወመው፤ ወዲያው ሾሎኾቭ ለቡቤኖቭ አገዘ። ሌኒን ኡልያኖቭ፥ ስታሊን ጁጋሽቪሊ፥ ጎርኪም ፔሽኮቭ እንደ ነበሩ የማያውቅ የሶቪየት ተማሪ አልነበረም፤ እነዚህን ግን በቅንፍ ለማሳጣት የደፈረ የለም።

በክፍል ውይይታችን ላይ አንድ ጓደኛችን፥ ዘመቻው የቀዝቃዛው ጦርነት ሥራ ሆኖ የምዕራባውያንን ተጽዕኖ ለመከላከል የተነሣ ነው፤ ከተወነጀሉት ውስጥም እንደ ማሊዩጊን ያለ ሩሲያዊ ነበረ ሲል ተከራክሯል። ማስረጃው እውነት ነው፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም። አይሁድ ያልሆኑ ጥቂት ሰዎች ባይጨመሩ ኖሮ ክህደቱ ባልተመቸ ነበር። ደግሞም ቃሉ ብቻውን አልመጣም። የሞስኮው የአይሁድ ቴአትር መሪ ሰሎሞን ሚኾኤልስ በጃንዋሪ 1948 በሚንስክ ከተማ ተገደለ፤ ለሕዝብ የተነገረው ግን በመኪና አደጋ ሞተ ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የአይሁድ ፀረ ፋሺስት ኮሚቴ ተዘጋ፤ ቴአትሩም በ1949 ተከተለ። ቃሉን ከነዚህ ድርጊቶች ለይቶ በመዝገበ ቃላት ብቻ መመርመር አይቻልም።

በዝግ ችሎት ውስጥ መደበቂያው አላስፈለገም። የኮሚቴው አባሎችና ባልንጀሮቻቸው የአይሁድ ብሔረተኞችና ሰላዮች ተብለው በግልጽ ተከሰሱ፤ 13ቱ ኦገስት 12 ቀን 1952 ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል ገጣሚው ፔሬትስ ማርኪሽና ደራሲው ዳቪድ ቤርጌልሶን ይገኙበታል። ጃንዋሪ 13 ቀን 1953 ሐኪሞች የመንግሥት መሪዎችን በሕክምና ስም ገደሉ የሚለው ክስ ሲወጣ መጋረጃው በጋዜጣም ላይ ተነሣ፤ «የአይሁድ ቡርዥዋ ብሔረተኛ ድርጅት» የሚለው ቃል በ«ፕራቭዳ» ታተመ። ስታሊን ማርች 5 ቀን ሞተ፤ ኤፕሪል 4 ቀን ጋዜጣው ሐኪሞቹ በሐሰት እንደ ተከሰሱ አስታወቀ። የ13ቱ ፍርድ በ1955 ተሻረ፤ በችሎቱ ፊት የተናገሩት ቃል ታትሞ ለመነበብ የበቃው ግን ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በ1994 ነው።