የታዳጊዎችን ዕድገት መመዘን፦ የታላቋ ካይሮ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ

አንድ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ታዳጊዎችን ጠቅሟል ለማለት የተሳታፊዎችን ቁጥር መዘርዘር አይበቃም። በተለይ የታዳጊዎችን በጎ ዕድገት ግብ ያደረጉ ፕሮግራሞች ከፈተና ውጤት የዘለለ ዓላማ ስላላቸው እነርሱን መመዘን አስቸጋሪ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ለርነርና ባልደረቦቻቸው የሚጠቅሷቸው አምስት ባሕርያት፣ ማለትም ብቃት፣ በራስ መተማመን፣ ከሰዎች ጋር መተሳሰር፣ ጨዋነትና ርኅራኄ፣ በቀላሉ በቁጥር አይገለጹም።

ካይሮን፣ ጊዛንና ቃሊዩቢያን የምታካትተው ታላቋ ካይሮ ለዚህ ጥያቄ ሕያው ምሳሌ አላት። ፕሬዚዳንት አብደል ፈታህ አል-ሲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓንን በጎበኙበት ወቅት ሁለቱ አገሮች በትምህርት መስክ ለመተባበር ተስማሙ፤ በ2018 ደግሞ የግብፅ-ጃፓን ትምህርት ቤቶች በዋና ከተማዋና በሌሎች ግዛቶች ተከፈቱ። መለያቸው «ቶካትሱ» የተሰኘው፣ ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የሚካሄደው የጃፓን የክፍል እንቅስቃሴ ነው። ተማሪዎች በየተራ የዕለቱ ተረኛ መሪ ይሆናሉ፤ ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፤ የጋራ ጉዳያቸውን ተወያይተው በስምምነት ይወስናሉ። ጎበዙ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የክፍል አለቃ ሆኖ ከሚዘልቅበት ልማድ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዓይን አፋሩም ልጅ ተራው ሲደርስ በጓደኞቹ ፊት ይቆማል።

በ2018 አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች ዛሬ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። እነርሱን በፈረቃ ከሚያስተምር የተጨናነቀ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ማነጻጸር ቀላል ቢመስልም ያሳስታል። የግብፅ-ጃፓን ትምህርት ቤቶች ክፍያ የሚጠይቁ ናቸው፤ ለማስመዝገብ የሚያመለክቱ ወላጆችም አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርት ልዩ ትኩረት የሚሰጡ ይሆናሉ። ልዩነት ቢታይ ከቶካትሱ ይምጣ ወይስ ከቤት፣ መለየት አይቻልም። የተሻለው ንጽጽር አመልክተው ቦታ ካላገኙ ልጆች ጋር የሚደረገው ነው። የመነሻው መረጃም ፕሮግራሙ ሳይጀመር መሰብሰብ ይኖርበታል፤ በኋላ ከትዝታ የሚሞላ መነሻ ብዙም አያስተማምንም።

ግብፅ በዚህ ረገድ የቆየ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ2001 ከካይሮ በስተደቡብ በሚኒያ ግዛት የተጀመረው «ኢሽራቅ» ከትምህርት ገበታ ውጪ ለነበሩ ታዳጊ ሴቶች ማንበብና መጻፍን፣ የሕይወት ክህሎትንና ስፖርትን ያስተምር ነበር። መደበኛ ትምህርት ቤት ባይሆንም ግምገማው ፕሮግራሙ ያልደረሰባቸውን መንደሮች ለንጽጽር በመያዙ ይጠቀሳል። የመንግሥትን የማንበብና የመጻፍ ፈተና ከወሰዱት ልጃገረዶች 92 ከመቶ አልፈዋል። እዚህ ላይ «ከወሰዱት» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ለፈተና ያልተቀመጡትን አያካትትም።

ሌላው ፈተና መጠይቁ ራሱ ነው። ወረቀቱን የሚሰበስበው የክፍሉ መምህር ከሆነ ተማሪው መምህሩን የሚያስደስተውን መልስ ይመርጣል። ስለዚህ የመቅረት መዝገብን፣ የጠብና የቅጣት መዝገብን፣ እንዲሁም ከውጭ በመጣ ታዛቢ የሚደረግ ምልከታን መጨመር ይገባል። ጊዜም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጆሴፍ ዱርላክ መሪነት የታተመ ጥናት ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን ያቀፉ 213 የትምህርት ቤት የማኅበራዊና የስሜት ክህሎት ፕሮግራሞችን መርምሮ በትምህርት ውጤት ላይ ጭምር መሻሻል አግኝቷል። ይሁንና ውጤቱ ከስድስት ወራት በኋላ መዝለቁን የተከታተሉት 33 ብቻ ነበሩ።

በካይሮ ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኛ ልጆች የሚማሩት በማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ወይም እንደ ሴንት አንድሩስ የስደተኞች አገልግሎት ባሉ ተቋማት ነው። ቤተሰብ ሰፈር ይቀይራል፤ አንዳንዱ ወደ ሦስተኛ አገር ይሻገራል፤ ትልልቆቹ ሥራ ይጀምራሉ። የዓመቱን ማብቂያ መጠይቅ የሚሞላው በክፍሉ የቀረው ተማሪ ብቻ ስለሆነ ግምገማው የሄዱትንም መመዝገብ አለበት። ለስሌት ያህል፣ 40 ተማሪዎች በተመዘገቡበት ክፍል ዓመቱ ሲያልቅ 25 ቀርተው 20ዎቹ ቢሻሻሉ፣ ከቀሩት አንጻር ውጤቱ 80 ከመቶ ይሆናል፤ ከተመዘገቡት አንጻር ግን 50 ከመቶ ነው።