የጅቡ ጉትቻ

ወልድያ ውስጥ ጌም ቤት አምሽቶ የሚመለስ ልጅ ሁለት ዓይነት ጭራቅ ያውቃል። አንዱን ስክሪን ላይ ትቶት ይወጣል። ሌላው ከከተማው ዳር፣ ከጨለማው ውስጥ ይጮኻል። የመጀመሪያውን የሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሠራው ሕዝብ ነው፤ ብዙ መቶ ዓመትም ፈጅቶበታል። የሚገርመው፣ ሁለቱም የተሠሩበት ብልሃት አንድ ነው።

ከጌሙ እንጀምር። አሜሪካዊው ስኮት ካውተን በመጀመሪያ ለልጆች የሚሆን ጌም ሠርቶ ነበር። ተጫዋቾች ግን ገጸ ባሕርያቱ በሞተር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ይመስላሉ፣ ያስፈራሉ ብለው ወቀሱት። እሱም ወቀሳውን ወደ ሥራ ለወጠውና በ2014 እ.ኤ.አ. ሆን ብሎ የሚያስፈሩ አሻንጉሊቶች ያሉበትን «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» አወጣ። ጌሙ ዓለምን አዳረሰ። ጃፓናዊው የሮቦት ምሁር ማሳሂሮ ሞሪ ምክንያቱን በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፦ ሰውን ጭራሽ የማይመስል ነገር ብዙም አይረብሸንም፤ ሰው ለመምሰል ትንሽ የቀረው ግን ያስደነግጠናል። ቀንድና ጥርስ ማብዛት ቀላል ነው። ከባዱ በምናውቀው ነገር ላይ አንድ የማይሆን ነገር መጨመር ነው።

የወሎ ሰው ይህን ለማወቅ ሞሪን አልጠበቀም። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወረድ መርሳ ላይ፣ በሀብሩ ቆላ፣ ሌሊት ማሽላ የጠበቀ ገበሬ ጅብን ያውቀዋል። የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ሲሄድ የሚያነክስ ይመስላል። ጩኸቱ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሰማል። ሲጣላ ደግሞ እንደ ሰው ይስቃል። ሮማዊው ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት፣ ጅብ የእረኛን ስም ለይቶ በስሙ ጠርቶ ያስወጣዋል የሚለውን ወሬ መዝግቧል። በእኛም ተረት ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ይላል። ተረቱ ያስቃል። ነገር ግን ጅቡ እንግዳ ሆኖ ቤት ገብቷል።

ቡዳ የሚባለው እምነት የቀረውን እርምጃ ሄደ፦ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ በጥይትና በጦር የተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ጉትቻ ማየቱን ጽፏል። ሰዉ ጉትቻው የቡዳዎቹ ነው ይል እንደነበርም ያወሳል። እውነት ሆነም አልሆነ፣ ማንኛውም የጌም ሠዓሊ የሚቀናበት ፈጠራ ነው። ጥርሱን ሁሉም ጅብ አለው። የሚያስፈራው ጉትቻው ነው፤ ምክንያቱም ትናንት ገበያ ላይ ያየኸው ሰው ጆሮ ላይ ነበር።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የጌም ጭራቅ ጎረቤት የለውም፤ ይህ ግን ነበረው። በሰሜኑ ኢትዮጵያ የጅቡን ጭምብል ያጠለቁት ለቀጥቃጩ፣ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለቤተ እስራኤሉ ነው። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ አያርስም፣ አያጭድም። እስላሙም ክርስቲያኑም ቡናውን የሚያፈላው በሸክላ ሠሪዋ ጀበና፣ እንጀራውን የሚጋግረው በእሷ ምጣድ ነው። እነሱ ግን አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውም፤ ሥራቸው ከእሳት ጋር ነው፤ መኖሪያቸውም ከመንደሩ ዳር። የምትፈልገው ግን የማታውቀው ሰው፦ ለጭራቅ ከዚህ የተመቸ አልተገኘም። «ጠይብ» የሚለው ስድብ እንኳ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ፍርድ ሆነ። ሰው ታሞ ሲቃዥ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጭስ እያጠኑት «ማነህ? ከየት በላኸው?» ብለው ይጠይቁታል። በመጨረሻ ከበሽተኛው አፍ አንድ ስም ይወጣል። ያ ስም ማታ በሰላም የተኛ፣ ልጆች ያሉት ሰው ስም ነው። በማግስቱ የሚጠብቀው ሽሽት፣ ስድብ፣ አንዳንዴም ዱላ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዳሩ ግን ስድብን ይከለክል ይሆናል እንጂ ፍርሃትን አይሽርም። ዛሬም ሽማግሌ ተልኮ ዘር ሲቆጠር፣ «ቀጥቃጭ አለበት» በሚል ሹክሹክታ የሚፈርስ ጋብቻ አለ። ልጅቷ ምክንያቱ አይነገራትም።

አንድ ቀን ከወልድያ ወይም ከመርሳ የወጣ ወጣት የራሱን አስፈሪ ጌም ይሠራ ይሆናል። ጅቡን ቢወስድ መልካም ነው፤ ሳቁንም፣ ጨለማውንም፣ በስም መጥራቱንም። ጉትቻው ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ ይቆይ። የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ እዚያው ጌም ቤት፣ ከጎኑ ተቀምጦ ሊጫወተው ይችላልና።